ለሚ ኩራ ኮረብታ ላይ ያየኋቸው ሰባት ድንጋዮች

አዲስ አበባን ሳታዩ የኖራችሁ የኮንሶ ካራት ሰዎች፣ የቀረባችሁ ነገር የለም። ይህን የምለው ሄጄ አይቼ ስለተመለስኩ ነው። የሄድኩትም ለሕክምና ወይም ለፍርድ ቤት ጉዳይ አልነበረም፤ ድንጋይ ለማየት ነው። ከኮንሶ ተነስቶ ድንጋይ ለማየት አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ጤናውን ቢያስመረምር ይሻላል የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔም መንገዱን ሁሉ በራሴ እየሳቅሁ ነው የሄድኩት።

የጠራችኝ የእህቴ ልጅ ምሕረት ናት። ለሚ ኩራ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ትኖራለች፣ ባንክ ትሠራለች፣ የሰፈሩ ነዋሪዎች ኮሚቴ ጸሐፊም ናት። ከሰፈሩ በላይ ባለው ኮረብታ አናት ላይ የምሽግ ፍራሽ አለ፣ ጽሑፍ ከመኖሩ በፊት የነበሩ ሰዎች የካቡት ነው ይባላል ብላ ደወለችልኝ። ኮረብታው ለጠጠር ሊፈጭ ተወስኗል፤ የድንጋይ መፍጫው ከሥሩ ቆሞ ይጠብቃል። ሐሙስ ዕለት ቅርስ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት አንዲት ባለሙያ ትመጣለች። ከቦታው ያልተነቃነቀ አንድ ክንድ ካብ እንኳ ካገኘች ሥራው ይቆማል፤ ካላገኘች ኮረብታው ይሄዳል። “ጋሼ፣ እርስዎ ካብ ያውቃሉ፤ ቀድመው መጥተው ይዩልን” አለችኝ። ካብስ አውቃለሁ። አባቴ ዕድሜውን በሙሉ ሲክብ የኖረ ሰው ነበር፤ እኔም ጂኦግራፊ ሳስተምር ተማሪዎቼን ከክፍል ይልቅ እርከን ላይ ነበር የማውላቸው።

እሑድ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከካራት ተነስቼ አርባ ምንጭ ገባሁ። ያደርኩበት ሆቴል በር አልዘጋ ብሎኝ አልጋውን ጎትቼ ደገፍኩት። ስወጣ የሆቴሉ ባለቤት አልጋው ለምን እንደተነሳ ጠየቀችኝ። በሩ እንደማይዘጋ ስነግራት፣ እሱማ ድሮም አይዘጋም አለችኝ፤ ከዚያ ግን ለመንገድ ብላ ሙዝ በፌስታል ሞልታ ሰጠችኝ። ሙዙ ከበሩ ይሻል ነበር።

ሰኞ። አውቶቡሱ ሳይነጋ ተነሳ። ሶዶ ላይ ቁርስ በላን፤ የወላይታ ዳጣ እንባዬን አወረደው፣ ይህን ብቻ አላጣጥልም። ቡታጅራን አልፈን ጎማ ፈነዳ። ሹፌሩ ትርፍ ጎማ አለኝ ብሎ አወረደን፤ የወረደው ትርፍ ጎማም የፈነዳ ሆኖ ተገኘ። ከሌላ መኪና ጎማ እስኪለመንልን ድረስ አጥር ሥር ተቀመጥን። አጥሩን እያየሁ ጊዜዬን ገደልኩ፤ ድንጋዩ ሁሉ ፊቱ ወደ ውጭ ተለጥፎ ውስጡ ባዶ ነው። እኛ ዘንድ እንዲህ የካበ ሰው ካቡ ፈርሶ እንደገና እንዲክበው ይደረጋል፣ ያውም ሰው እያየው።

ሲመሻሽ መገናኛ ደረስኩ። ስለ መገናኛ ብዙ ሰምታችሁ ይሆናል፤ የሰማችሁት ሁሉ ትክክል ነው። ከላይ ባቡር፣ ከታች ሚኒባስ፣ በመካከል ካልሲና ቻርጀር ሻጭ፣ በሁሉም መካከል ደግሞ እኔ፣ በጀርባዬ ለምሕረት የያዝኩት አንድ ጆንያ ደረቅ ሽፈራው። ከጆንያው ጫፍ አረንጓዴ ነገር ብቅ ብሎ ነበርና ተሰልፌ ታክሲ ስጠብቅ አንድ ወጣት ቀረብ ብሎ በሹክሹክታ “አባት፣ የየት ነው? አወዳይ ነው?” አለኝ። ሽፈራው ነው፣ በእኛ አገር በማሽላ የሚበላ ቅጠል ነው ብዬ ባስረዳውም አላመነኝም። ሌላ ሰው መጣ፣ ቀጥሎም አንዲት ሴትዮ መጣች። ጆንያውን ፈትቼ እፍኝ እፍኝ አስሸተትኳቸው። በዚህ መሃል ተራዬ አለፈ። ካልሲ የምትሸጠው ልጅ ግን ስታየኝ ቆይታ ኖሮ፣ ከዕቃዋ ተነስታ ረዳቱን ተቆጥታ ከፊት ወንበር አስቀመጠችኝ። የልጅቷን ስም አልጠየቅሁም፤ ይህ ዛሬም ያሳፍረኛል።

የምሕረት ቤት አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የሚባል ነገር የለም። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ስለሚመጣ በየበሩ በርሜል ተደርድሯል። ካቡ ምስማር ቢመታበት ምንም የማይሆን አገር ውስጥ ያደግሁ ሰው ነኝና ኮቴን የምሰቅልበት ምስማር ግድግዳው ላይ ስመታ የግድግዳው ቁራሽ እግሬ ላይ ወደቀ። ምሕረት አልተናደደችም። አልጋዋን ለእኔ ለቃ ከልጇ ጋር ሶፋ ላይ ተኛች። በግድግዳው በኩል የጎረቤት ጸሎት ቃል በቃል ይሰማ ነበር፤ እኔም አሜን እያልኩ ተኛሁ።

ማክሰኞ። ወደ ኮረብታው ወጣን። መንገዱ የአሸዋ፣ የብሎኬትና የፌሮ ክምር ነው። ገና ግማሽ ሳልደርስ የቀኝ ጫማዬ ሶል ተገንጥሎ ቀረ፤ ምሕረት በሻሽዋ አሰረችልኝና በዚያ ሁኔታ አናቱ ላይ ደረስኩ። ከላይ ድንኳን ተተክሏል፣ ወንበር ተደርድሯል፣ የኮሚቴው አባላት ተሰብስበዋል። “ቅድመ ታሪክ ምሽግ” የሚል ባነር ተሰቅሏል። ከባነሩ ሥር የቆመውን ጠጋ ብዬ አየሁት።

እስከ ጉልበቴ የሚደርስ፣ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያለ፣ በሲሚንቶ የተያያዘ አጥር ነበር። ድንጋዩ አመድማ ቀለም ተቀብቷል፤ መጋጠሚያው በነጭ ተሰምሮበታል። የኮሚቴው ሊቀ መንበር አቶ ግዛው ከታች የቀለም መሸጫ አላቸው፤ ቀለሙን በነጻ እንደሰጡ እየደጋገሙ ነገሩኝ። ድንጋዩ ድሮ አናቱ ላይ በሦስት ቦታ ተበታትኖ፣ ከፊሉም አፈር ውስጥ ተቀብሮ ነበር አሉ። ባለሙያ ትመጣለች ሲባል ኮሚቴው ሁለት ቅዳሜ ዘመቻ ጠራ። ከየቤቱ አንድ ሰው ወጣ፣ ያልወጣ ተቀጣ፣ ድንጋዩ ሁሉ ተነቅሎ፣ ተለቅሞ፣ ታጥቦ “በሥርዓት” ተካበ። “እንደዚያ ተበትኖ እንግዳ ፊት ይቀርባል እንዴ?” አሉኝ።

ምሕረትን አየኋት። ፊቷ በኩራት ያበራ ነበር፤ ቃለ ጉባኤውን የያዘችው እሷ ናት። በስልክ ይህን ያልነገረችኝ ሳይ እንድደሰት ብላ ነው።

ከኮንሶ የመጡ የካብ ሊቅ ብለው ንግግር እንዳደርግ ጋበዙኝ። እንግዳ ሆኜ ውሃቸውን ጠጥቼ፣ ወንበራቸው ላይ ተቀምጬ፣ መታገስ ይገባኝ ነበር። አልታገስኩም። ተነስቼ፣ “ይህ ምሽግ አይደለም፤ ቀለም የተቀባ አጥር ነው። ዘመን ያላፈረሰውን እናንተ በሁለት ቅዳሜ አፈረሳችሁት” አልኳቸው። እዚያ ላይ ባበቃ ደግ ነበር፤ ግን ቀጠልኩ። እኛ ዘንድ ይህን ለዶሮ ቤት እንኳ እንደማንክበው፣ እኛ ዘንድ ካብ በሲሚንቶ ሳይሆን በክብደቱ እንደሚቆም፣ እኛ ዘንድ የካብ ነገር የሚታወቀው በእግሩ፣ መሬት ውስጥ ባለው መሠረቱ፣ እንጂ በፊቱ እንዳልሆነ ነገርኳቸው። “እግሩን ማን ያሳየኛል?” ብዬ ስጨርስ የሚያጨበጭብ አልነበረም። ምሕረት አንገቷን ደፍታ የጻፈችውን ታያለች። አቶ ግዛው የለበሱትን ኮት ቁልፍ ከፍተው ይዘጋሉ።

ከወንበሮቹ ኋላ አንድ ሽማግሌ ቆመው ሲሰሙኝ ነበር። ኦቦ ደበላ ይባላሉ፤ ከኮረብታው ወገብ ላይ ሁለት ክፍል ቤትና አንድ በረት አላቸው። የተወለዱትም እዚያው ነው። ምትክ ቦታ ተሰጥቷቸዋል፣ ሊሄዱም ተስማምተዋል፤ ኮረብታው መፈጨቱን ግን አልተቀበሉትም። አባታቸውም አያታቸውም አናቱን አላረሱትም፤ የቀደሙ ሰዎች ቤት ነው ብለው ይተዉት ነበር። ስንወርድ ጠጋ ብለው፣ “እግሩ እኔ ዘንድ አለ” አሉኝ። ነገ ይምጡ ብለው ሄዱ።

ረቡዕ። ጠዋት ምሕረት ጫማ ልትገዛልኝ ሾላ ገበያ ወሰደችኝ። ከማክሰኞ ጀምሮ ብዙም አላናገረችኝም፤ ግን ባዶ እግሬን ልትተወኝ አልፈለገችም። ሾላ ላይ በርበሬው፣ ሽንኩርቱ፣ ባልዲው፣ ሰዉ አንድ ላይ ነው። ጫማ ሻጩ ስልጤ ነው፤ ንጹህ ቆዳ ነው ብሎ ማለልኝ። እኔ ጫማውን አጥፌ አሽትቼ ቆዳ እንዳልሆነ ነገርኩት። እሱ አልተቆጣም፤ ሳቀና፣ “አባባ፣ ቆዳ ባይሆንም ያምርብዎታል” አለኝ። እውነቱን ነው፤ ያምርብኝ ነበር። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ሰርግ የሚያስኬድ ጫማ። በካራት በረባሶ ያረጀ እግሬን አየሁትና ትንሽ ኩራት ገባኝ።

ያንን ጫማ አድርጌ ነው ከሰዓት በኋላ ኦቦ ደበላ ዘንድ የሄድኩት። ሚስታቸው ትኩስ ወተት በትልቅ ኩባያ ሰጡኝ። ኦቦ ደበላ ሦስቱን ላሞች አውጥተው በረቱ ጥግ ላይ ያለውን እበት በመጥረጊያ ገለል አደረጉልኝ። አባታቸው በረቱን የሠሩት አሮጌውን ካብ ደግፈው እንደሆነ ነገሩኝ። እሳቸውም በወጣትነታቸው ከላይ ያለውን ድንጋይ ለቤታቸው መሠረት ወስደዋል። እጠየቃለሁ ብለው ፈርተው ቀሪውን በእበት ሸፍነው ኖረዋል፤ ለኮሚቴውም አልነገሩም። “እግሩን ግን አልነካሁትም” አሉ።

ከበረቱ ደጃፍ ሆኜ አንገቴን አስግጌ አየሁ። ሰባት ድንጋዮች ነበሩ። ማንም ሳይነግረኝ እግሩ መሆኑን አወቅሁ። እንዲህ ያለ እግር የሚያኖር ሰው ካብ ያውቅ ነበር። አባቴ ቢያይ ኖሮ ተንበርክኮ ይዳስሰው ነበር።

እኔ አልተንበረከክሁም። ጫማዬ አዲስ ነው፤ እበቱ እርጥብ ነው። ከደጃፉ ሳልንቀሳቀስ ወተቴን እየጠጣሁ ስለ ኮንሶ አወራሁ። የእኛ ከተሞች በስንት ዙር ካብ እንደታጠሩ፣ አባቴ ድንጋይ አንድ ጊዜ ብቻ አንስቶ ቦታውን እንዴት እንደሚያገኝለት፣ በእኛ አገር እንዲህ ያለ ካብ ላይ ከብት ማሰር ነውር እንደሆነ ሳይቀር ነገርኳቸው። ኦቦ ደበላ በጥሞና ሰሙኝ። ስለ ነውሩ ስናገር ወደ ላሞቻቸው ዘወር ብለው አዩ። ስወጣ ደግሞ፣ “ነገ ሴትዮዋ ስትመጣ ይህ እበት አይሆንም። ጽድት ብሎ ይጠብቀን” አልኳቸው። እሺ አሉኝ። እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው እሺ አሉኝ።

ለምሕረት ማታ እራት ላይ የካቡ እግር ተገኘ አልኳት። ማዕዱን ትታ ተነስታ አቀፈችኝ። ስለ ማክሰኞው ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ፣ ግን ገና የሚመጣውን ሐሙስ እያሰብኩ ስለ ነበር አቶ ግዛው ነገ የሚያሳዩትን ፊት ነው ያወራሁላት።

ሐሙስ። ባለሙያዋ በጠዋት መጣች። ወጣት ናት፣ ጂንስ ሱሪ ለብሳለች፣ ቦርሳዋ ውስጥ ብሩሽና ሜትር አለ። አቶ ግዛው የተቀባውን አጥር ከዳር እስከ ዳር አስጎበኟት። አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። አንድ ሲሚንቶ ያልነካው ድንጋይ ካለ ብላ ለረጅም ጊዜ ዞራ ፈለገች። አጣች። እኔ ዳር ቆሜ የምጠብቀው ደቂቃ ደረሰ ብዬ፣ ሁሉም እንዲሰሙ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ እውነተኛው ካብ ከታች እንደሚጠብቃት ነገርኳት። ከፊት እየመራሁ ወረድኩ።

ኦቦ ደበላ ነጭ ጋቢ ለብሰው ደጃፉ ላይ ቆመዋል። በረቱ ጸድቷል። ላሞቹ ከሩቅ ታስረዋል። ከበረቱ ፊት ለፊት፣ አዲስ በታጨደ ሣር ላይ፣ ሰባት ድንጋዮች ከትልቁ እስከ ትንሹ በተርታ ተደርድረዋል። ታጥበዋል። ውሃው ገና አልደረቀባቸውም።

የሆነው ነገር ወዲያው ገባኝ፤ ግን እሳቸው ለባለሙያዋ ሲናገሩ መስማት ነበረብኝ። እበቱ በድንጋዮቹ መካከል ገብቶ ደርቆ ስለ ነበር እንዳሉ ማጽዳት አልተቻለም። ከንጋት ጀምረው ከልጃቸው ጋር በዶማ አወጧቸው። ውሃው ከኮንዶሚኒየሙ በጄሪካን ነው የመጣው፤ ጎረቤቶች ከየበርሜላቸው ቀንሰው ሰጧቸው። የመሥሪያ ቤት ሰው እበት ውስጥ እንዲገባ አይሆንም፣ እንግዳውም ንጹህ ሆኖ ይጠብቀን ብለዋል አሉ። እንግዳው እኔ ነኝ። እጃቸው ተልጦ ነበር።

ባለሙያዋ ቀስ ብላ ጠየቀቻቸው። ድንጋዮቹ እንዴት ነበር የተቀመጡት? በእጃቸው አሳዩአት። በመካከላቸው የነበሩት ትናንሽ ድንጋዮችስ? ከጠጠሩ ጋር ተጥለዋል። ከሥራቸው የነበረው አፈርስ? ጥቁር፣ አመድ የመሰለ፣ ጥሩ አፈር ነበር፤ ለጎመኑ መደብ ሆኗል። ተንበርክካ ጉድጓዱ ውስጥ ገባች፤ በብሩሽ ጠረገች፣ በጣቷ ፈለገች። ከዶማ ያመለጠ ነገር አልነበረም። ጂንሷ በእበት ተለውሶ ስትነሳ፣ “ከመነሳታቸው በፊት ፎቶ ያነሳ ሰው አለ?” አለች።

ኦቦ ደበላ ስልካቸው ካሜራ የለውም። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፤ አይቻለሁ ብዬ የፎከርኩት እኔ ነኝና። ስልኬን አውጥቼ ሰጠኋት። በጣቷ አንድ በአንድ አሳለፈቻቸው፣ ምሕረትም በትከሻዋ በኩል አየች። የተቀባው አጥር ከፊት፣ የተቀባው አጥር ከጎን፣ ነጩ መስመር በቅርበት፣ ባነሩ፣ አቶ ግዛው ከአጥሩ ጋር። ካራት ስመለስ እንዲሳቅበት ማክሰኞ ያነሳሁት ነው። የሰባቱ ድንጋዮች ፎቶ አንድም አልነበረም። በረቱ ደጃፍ ላይ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ማንሳቱ ትዝም አላለኝ።

ባለሙያዋ ስልኬን መለሰችልኝ። ቅጹን ሞልታ ግልባጩን ለምሕረት ሰጠችና ሄደች። ሰው ተበተነ። አቶ ግዛው ሲያልፉ ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ፤ ከስድብ የባሰ ነው የተሰማኝ። ኦቦ ደበላ ወረቀቱን ከምሕረት ተቀብለው ለእኔ ሰጡኝና ያንብቡልኝ አሉ። አነበብኩላቸው። ካብ የተባለው በቅርቡ በነዋሪዎች የተሠራ መሆኑን፣ በበረቱ ውስጥም በቦታው ያለ ነገር አለመገኘቱን ይገልጻል። እንደገና ያንብቡልኝ አሉ፣ እንደገና አነበብኩ።

“አበላሸሁት?” አሉኝ።

“እርስዎ አይደሉም፤ እኔ ነኝ” አልኳቸው። “እንዳይነኩት መንገር ሲገባኝ ስለ አገሬ ሳወራ ዋልኩ።”

ወረቀቱን አጥፈው ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት። “እርስዎ እኮ እንግዳ ነዎት” አሉኝ። ሚስታቸው ወተት ይዘው መጡ። ቆመው ስለሚጠብቁኝ ጠጣሁ። ልሰናበት ስል ኦቦ ደበላ፣ “እርስዎ ግን በቦታቸው እያሉ አይተዋቸዋል” አሉኝ። አይቻለሁ አልኩ። “እንግዲያው እርስዎ ይጻፉት” አሉኝ።

ዓርብ። ምሕረት እስከ መገናኛ ሸኘችኝ። ለእናቷ ሻሽ፣ ለእኔ ዳቦ ገዛችልኝ። ማክሰኞ በሰው ፊት ያደረግሁትን ይቅር በይኝ አልኳት፤ ጋሼ ይተዉት አለችኝና አለቀሰች። ካራት ከገባሁ በኋላ ደውላ መፍጫው ሥራ መጀመሩን፣ መስኮት ሲከፈት አቧራው ቤት ድረስ እንደሚገባ ነገረችኝ። ኦቦ ደበላ ሰባቱን ድንጋዮች በአይሱዙ ጭነው ወደ ምትክ ቦታቸው ወስደዋቸዋል።

ስለዚህ እጽፋለሁ። በበረቱ ሰሜናዊ ጥግ፣ ከምድር ጋር እኩል፣ ሰባት ረጃጅም ድንጋዮች ጎን ለጎን ተጋድመው ነበር። እያንዳንዱ የክንድ ያህል ርዝመት አለው። ጠባቡ ራሳቸው ወደ ቁልቁለቱ ይመለከታል፣ ረጅሙ ጅራታቸው ወደ ኮረብታው ውስጥ ገብቷል፣ ሁሉም በትንሹ ወደ ውስጥ ያዘነብላሉ። በየመካከላቸው ትናንሽ ድንጋዮች በጥብቅ ተሸጉጠዋል። ከሦስተኛውና ከአራተኛው ሥር ጥቁር አፈር ይታይ ነበር። በቦታቸው እያሉ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ከደጃፉ ላይ ቆሜ አይቻቸዋለሁ። አልነካኋቸውም፤ እንዳይነኩም አልተናገርኩም።